ሰው ሰራሽ አስተውሎት በትምህርት ቤት ስነ ልቦና ሥራ፦ ከወሎ አንጻር

የትምህርት ቤት ስነ ልቦና ልጁ ለምን መማር እንዳቃተው፣ ለምን ዝም እንዳለ፣ ለምን ከክፍል እንደሚቀር አጣርቶ የሚያግዝ ሙያ ነው። ባለሙያው ተማሪውን ያነጋግራል፣ ይመዝናል፣ ከመምህርና ከወላጅ ጋር ይመክራል። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሐኪም ይልካል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ስነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ለ500 ተማሪ አንድ ባለሙያ እንዲመደብ ይመክራል። ወሎ ውስጥ ይህን ሥራ የሚይዘው፣ ካለ፣ ጋይዳንስ የምንለው አማካሪ ነው። በሌለበት ርዕሰ መምህሩ ወይም ሆምሩም መምህሯ ደርበው ይሠሩታል።

ሸክሙ ከባድ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ቆቦንና ወልድያን፣ በ2014 ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ። ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ። እናታቸው አረብ አገር ሄዳ በአያት እጅ የሚያድጉም አሉ። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በ2016 በአገር ደረጃ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን እያሰበ የሚያጠና ልጅ እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ሰው ሰራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ኤአይ፣ ወደዚህ ሙያም ገብቷል። የመጀመሪያው ጥቅሙ የወረቀት ሥራ ላይ ነው። የተበታተነ ማስታወሻን ያደራጃል። ለወላጅ የሚላክ ደብዳቤን በቀላል አማርኛ ያረቅቃል። ስለ ፈተና ፍርሃት ለቡድን ውይይት የሚሆን እቅድ ያወጣል። አማካሪው አንብቦ ካላረመው ግን የትም መላክ የለበትም፤ ማሽኑ የሌለ ነገርንም በሙሉ ልብ ይጽፋልና።

ሁለተኛው ጥቅም ይበልጥ ተስፋ የምጥልበት ነው። የስም መጥሪያውና የውጤት ሰንጠረዡ በኮምፒውተር ካለ፣ ኤአይ ቀስ በቀስ የሚንሸራተቱትን ልጆች ቶሎ ይለያል። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ሲኖር ዝምተኛዋን ልጅ ማን ልብ ይላታል? ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ባቲ ላይ ሰኞ ሰኞ የሚቀር ልጅ ማሽኑ ዘንድ አሳሳቢ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የአካባቢው መምህር ግን ሰኞ የባቲ ገበያ መሆኑን ያውቃል። ያም ቢሆን ልጁ ለምን ገበያ እንደሚውል መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው ነው።

ትልቁ ችግር ምዘና ላይ ነው። አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ ያወጡት ፈተና ዓላማው ተጨማሪ እገዛ የሚሹ ተማሪዎችን መለየት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ፈተናዎች በሌላ አገር ልጆች ላይ ተሞክረው መለኪያቸው የወጣ ናቸው። አሁን መጠይቁን ለኤአይ ሰጥቶ በደቂቃ ወደ አማርኛ ማስመለስ ይቻላል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። አንድ መጠይቅ ለሥራ የሚበቃው ተተርጉሞ፣ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ ተነጻጽሮ፣ ከዚያም በተጠቃሚዎቹ ላይ ተሞክሮ ነው። የድብርት መጠይቁ ፒኤችኪው-9 በኢትዮጵያ ይህን መንገድ አልፏል፤ የታወቁት ጥናቶች ግን አዋቂ ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። ለ13 ዓመት ልጅ እንዲሁ ማዋል አይቻልም። ብዙ ልጅ ደግሞ ጭንቀቱን ጭንቀት ብሎ አይናገርም። ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ ይላል።

ወሎ አማርኛ ብቻም አይደለም። ከሚሴና ባቲ ኦሮምኛ፣ ሰቆጣ ኽምጣኛ ይነገራል። ኤአይ የሚማረው ከተጻፈ ነገር ስለሆነ አማርኛው ከእንግሊዝኛው በእጅጉ ይደክማል፤ ኽምጣኛው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

ሌላው ምስጢር ነው። አማካሪ ፊት የተነገረ ነገር የልጁ ገመና ነው። በነጻ የሚገኙ የኤአይ አገልግሎቶች የተጻፈላቸውን ነገር መልሰው ለስልጠና ሊያውሉት ይችላሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአእምሮ ጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። የልጁን ስም ሳይጽፉ መተው ብቻውን አይበቃም። ከተማው ትንሽ ነው። ክፍሏን፣ ቀበሌዋንና የአባቷን ሥራ የጻፈ ሰው ስሟን እንደጻፈ ይቆጠራል። ስለዚህ ወደ ማሽኑ የሚገባው ጥያቄ የማንም ልጅ ታሪክ ያልሆነ፣ አጠቃላይ ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

ተማሪዎቹም ራሳቸው ኤአይን እንደ ጓደኛ ያወሩታል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረገው ኤላይዛ የተባለ ቀላል ፕሮግራም ሰዎች ልባቸውን ሲከፍቱለት ሠሪው ራሱ ደንግጧል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ኤአይ ባወጣው መመሪያ በክፍል ውስጥ የተጠቃሚው ዕድሜ ከ13 እንዳያንስ መክሯል። ሌሊት ስልክ ላይ የሚያወራን ልጅ መቆጣት አይጠቅምም። ምን እንዳለው፣ ምን እንደመለሰለት ረጋ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቦቱ፣ ማለትም የሚያወራው ፕሮግራም፣ የተባለውን ሁሉ የማጽደቅ ጠባይ አለው፤ ያዘነ ልጅ ደግሞ ራሱን ክፉኛ ይኮንናል። ልጁ ራሴን እጎዳለሁ ካለ ጉዳዩ የማሽን አይደለም። ብቻውን አይተውም፣ ቤተሰብ ይጠራል፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ወላጅ ጠበል ወይም ዱዓ ካስቀደመ አማካሪው ቄሱን ወይም ሼሁን አጋር አድርጎ ሕክምናውም ጎን ለጎን እንዲሄድ ያግባባል። የጠብ ነገር ካለበት የተጣላን የሚያስታርቁ የወሎ አበጋሮች አሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ የተዘጋጀውን አትሞ ማስቀመጥ የግድ ነው። ከዚህ በላይ የምመኘው ግን የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች የስነ ልቦና ተማሪዎች ለልጆች የሚሆኑ መጠይቆችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በኽምጣኛ እየሞከሩ እንዲያወጡ ነው። ያኔ ኤአይ የመጠይቁን ውጤት ቢደምር፣ ሪፖርቱን ቢያረቅቅ አማካሪው የሚተማመንበት መነሻ ይኖረዋል።