«አፕል ዶት ኮም ስላሽ ቢል» ምንድን ነው?

የካርዳችሁ ስቴትመንት (የክፍያ ዝርዝር) ላይ «አፕል ዶት ኮም ስላሽ ቢል፣ ካሊፎርኒያ» የሚል መስመር አያችሁ እንበል። ከዚያ መስመር ብቻ ተነስቶ «ሃክ ተደርጌያለሁ» ማለት አይቻልም። ሰሞኑን አንድ አማካሪ ነኝ ባይ ግን «የማታውቁት ስም ከመጣ ሌባ ገብቷል፣ ቶሎ ደውላችሁ ካርዱን አዘጉ» እያለ ሲመክር ሰማሁ። ይቺን ምክር ሰምቶ የሚደውለውን ሰው ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ሥራዬ አሜሪካ ውስጥ የካርድ ክፍያ ቅሬታ ማየት ነው።

ያ መስመር በእኛ ቤት ዲስክሪፕተር ይባላል። ነጋዴው በካርድ ክፍያ መቀበል ሲጀምር የሚያስመዘግበው አጭር ስም ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከ22 ፊደል አያልፍም፤ ስሙ ይቆረጣል፣ ይጨማደዳል። የሚነግራችሁ ገንዘቡን ማን እንደሰበሰበ ብቻ ነው። ምን እንደተገዛ እዚያ ላይ አትፈልጉ።

የእድር መዋጮ ቤት ለቤት የሚሰበስብ ሰው አስቡ። አባወራው ማታ ደብተሩን ሲገልጥ «ለአቶ እንትና፣ 300 ብር» የሚል ያገኛል። «ይሄ ሰውዬ ማነው? ምን አድርጎልን ነው የወሰደው?» ብሎ ይቆጣል። ሰውዬው የሰበሰበው ለእድሩ ነው። አፕልና ጉግልም በአመዛኙ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ አፑ የሌላ ድርጅት ነው። (ኮሚሽን ይቆርጣሉ፣ የእድሩ ሰውዬ አይቆርጥም።) ጉግል ብዙ ጊዜ ከስሙ ቀጥሎ ኮከብ ምልክት አድርጎ የአፑን ወይም የሠሪውን ስም ይጽፋል። ለሌሎች ነጋዴዎች ክፍያ የሚሰበስቡት ፔይፓልና ስኩዌርም ኮከቧን ይጠቀማሉ። ከኮከቧ በስተግራ ሰብሳቢው፣ በስተቀኝ ሻጩ ነው። አፕል ግን ሁሉንም በዚያችው አንድ መስመር ያልፈዋል።

ይባስ ብሎ ሰብሳቢው የእድሩንም የማኅበሩንም የዕቁቡንም በአንድ ዙር ተቀብሎ ይሄዳል። ደብተሩ 300 ይላል፣ የእድሩ መዋጮ ግን 100 ነው። አፕልም በተቀራራቢ ጊዜ የተገዙትን ደምሮ አንዴ ሊቆርጥ ይችላል። ታክስም ይጨመርበታል። «በዚህ ዋጋ የገዛሁት ነገር የለም» የሚለው ክርክር ስለዚህ አያስኬድም። ልጅየው ለማኅበሩ ቃል ከገባ ደግሞ የሚንኳኳው የአባወራው በር ነው። በፋሚሊ ሼሪንግ (የአፕል የቤተሰብ መጋሪያ) ግዢ መጋራት ከተከፈተ የሚስትም የልጅም ግዢ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ቡድኑን ካቋቋመው ከአደራጁ ካርድ ነው። «እኔ አልገዛሁም» ብሎ የሚምል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቤቱ ግን ገዝቷል።

ከተማዋም ታናድደኛለች። «እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያ ሆኖ ማን ገዛበት?» ይሉኛል። እዚያ የሚጻፈው የሻጩ አድራሻ ነው፤ የአፕል ዋና መሥሪያ ቤት ኩፐርቲኖ ስለሆነ ነው ካሊፎርኒያ የሚለው። በኦንላይን ግዢ እንዲያውም በከተማው ቦታ ስልክ ቁጥር ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ሊገባ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን የ«አፕል ድጋፍ» ቁጥር ግን ዝም ብላችሁ አትደውሉ። እዚያ የሚጠብቋችሁ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል።

«ባንኩ ያውቃል፣ ይንገራችሁ» የሚለውም ልክ አይደለም። ስክሪኔ ላይ የሚታየኝ ስሙ፣ መጠኑ፣ ቀኑና ባለ 4 አሃዝ የንግድ ዘርፍ ኮድ ነው። 5816 ካየሁ ዲጂታል ጌም ነው እላለሁ፤ 5817 ከሆነ አፕ። 5818 ከመጣ ብዙ ዓይነት ዲጂታል ነገር የሚሸጥ ትልቅ ሻጭ ነው፣ ከዚያ በላይ ከእኔ አትጠብቁ። ደረሰኙ ያለው ሰብሳቢው ጋ ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ ስማችሁን ንኩ፤ ሚዲያ ኤንድ ፐርቼስስ፣ ቪው አካውንት፣ ፐርቼስ ሂስትሪ። እዚያ ከሌለ የድሮ አካውንታችሁን አስታውሱ። ስልኩ ሲገዛ የሱቁ ልጅ የከፈተላችሁና የረሳችሁት ኢሜይል ብዙ ምስጢር ይፈታል።

«አላስታውሰውም» እና «አልፈቀድኩም» ለየቅል ናቸው። የክሬዲት ካርድ ሕጉ ማብራሪያ መጠየቅንም ይፈቅዳል። ያልተሰረቀውን ተሰረቅሁ ብሎ ማስመለስ ግን ሰብሳቢውን ሌባ ነው ብሎ ፖሊስ ጣቢያ እንደ መውሰድ ነው፤ ከእድሩ ያሰርዛል። ሻጩ አካውንታችሁን ሊቆልፍ ይችላል፣ የከፈላችሁባቸው ነገሮችም አብረው ይቆለፋሉ። ልጅ በታብሌት ለገዛው መጀመሪያ ራሱን አፕልን ወይም ጉግልን ተመላሽ ጠይቁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ልጆች ያለወላጅ ፈቃድ በገዙት ጉዳይ አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን፣ ጉግል ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልሱ አድርጓል። በዚህ ነገር ሐፍረት የተሰማችሁ ወላጆች ብቻችሁን አይደላችሁም።

ካርድ ማዘጋት ሰብስክሪፕሽንም (በየጊዜው በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ላያቆም ይችላል። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴዎች የሚያሳውቁበት አገልግሎት አላቸው። ቤት ብትቀይሩም እድሩ አዲሱን ሰፈራችሁን ጠይቆ ይደርስባችኋል። ስለዚህ እዚያው የተመዘገባችሁበት ቦታ ገብታችሁ ሰርዙ።

ታዲያ ሌባ የለም? አለ እንጂ። ብዙ ጊዜ በትንሽ ገንዘብ ካርዱን ይሞክራልና «1 ዶላር ናት» ብላችሁ አትለፉ። ፔንዲንግ (ገና ያልተጠናቀቀች) ሆና ከቀናት በኋላ የምትጠፋ 1 ዶላር ግን አብዛኛውን ጊዜ የካርድ ማረጋገጫ ናት። ፈልጋችሁ፣ ቤተሰብ ጠይቃችሁ የትም ካልተገኘ በዚያው ቀን ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ ለክሬዲትም ለዴቢትም ለማሳወቅ ስቴትመንቱ ከተላከ በኋላ ያለው 60 ቀን ወሳኝ ነው። ዴቢት ካርዱ ራሱ ከጠፋ ሰዓቱ ያጥራል፤ ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሳወቃችሁ እናንተ ላይ የሚያርፈው የኪሳራ ጣሪያ ከ50 ዶላር ወደ 500 ሊወጣ ይችላል። አውሮፓ ኅብረት ላላችሁ ደንቡ ለማሳወቅ እስከ 13 ወር ይሰጣል፣ ግን እንዳወቃችሁ ሳትዘገዩ እንድታሳውቁም ይጠይቃል።