ስለ ቫምፓየር ፍቅርና ስለ ወጣቶች ፋንታሲ በወሬ የሚነገሩ ነገሮች

አንድ ሰው «ያ የቫምፓየር ፍቅር መጽሐፍ» ብሎ ፈገግ ሲል መጽሐፉን እንዳላነበበው ብዙ ጊዜ ያስታውቃል። ለአስራዎቹ ዕድሜ ወጣቶች የሚጻፉት የፓራኖርማል (ቫምፓየርን የመሰሉ ከተፈጥሮ ውጭ የሆኑ ፍጡራን ያሉበት) ፍቅርና የፋንታሲ ልብ ወለዶች የሚሰደቡትም የሚሞገሱትም በአብዛኛው በሰሚ ሰሚ ነው። ቁጭ ብለን አንብበን ግምገማ የምንጽፈውም ብንሆን ከወሬው አናመልጥም። ደጋግመው ጆሮዬ የሚገቡትን አነሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሁሉም የተጀመረው በትዋይላይት ነው»

የስቴፈኒ ሜየር ትዋይላይት በ2005 ወጥቶ ገበያውን አጥለቀለቀው እንጂ መንገዱን የጠረገው እሱ አይደለም። ኤል. ጄ. ስሚዝ ሁለት ወንድማማች ቫምፓየሮች ለአንዲት የሃይስኩል ተማሪ የሚፋለሙበትን ዘ ቫምፓየር ዳያሪስን መጻፍ የጀመረችው በ1991 ነው። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አኔት ከርቲስ ክላውስ ዘ ሲልቨር ኪስን አሳትማለች። የዚያ መጽሐፍ ልጅ እናቷ በካንሰር እየሞተችባት ነው፤ አባቷ ሐዘኑ ውጦታል፣ የቅርብ ጓደኛዋ ሰፈር ልትለቅ ነው። ስለ ሞት በግልጽ ልታወራው የቻለችው ቫምፓየሩን ነው። ወደ ኋላ እንሂድ ከተባለ ሼሪደን ለ ፋኑ የሴት ቫምፓየር ታሪክ የሆነውን ካርሚላን በ1872 በመጽሐፍ አውጥቷል፤ ታሪኩ የደረሰባት ልጅ የዚያን ጊዜ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ይህን ያነሳሁት «የትዋይላይት ኮፒ ነው» የምትለዋ ፍርድ በጣም ርካሽ ስለሆነች ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ መጻሕፍት የተጋሩት አንዱ ከሌላው የሰረቀውን ሳይሆን ሁለቱም ከአያቶቻቸው የወረሱትን ነው።

«እውነተኛ ቫምፓየር ፀሐይ ሲነካው ይቃጠላል፤ የሚያብረቀርቅ ቫምፓየር ቧልት ነው»

እንዲህ የሚሉት ራሳቸውን የድሮው ሥርዓት ጠበቃ አድርገው ነው። የድሮው መጽሐፍ ግን አይመሰክርላቸውም። በብራም ስቶከር ድራኩላ (1897) ውስጥ ጆናታን ሃርከር ከሚስቱ ጋር ለንደን ፒካዲሊ ላይ ሲሄድ ካውንት ድራኩላን በቀን ያየዋል፤ ሰውዬው ሠረገላ ላይ የተቀመጠች ቆንጆ ልጅ ላይ አፍጥጧል፣ ጭራሽ ከበፊቱ ወጣት ሆኗል። ቀን ቀን ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይነድም። ቫምፓየርን በንጋት ብርሃን የገደለው ጀርመናዊው ሙርናው በ1922 የሠራው ኖስፌራቱ የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ፊልሙ ከስቶከር መጽሐፍ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለነበር የደራሲው ሚስት ከሳ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አስፈርዳ ነበር። ከጥፋት የተረፉት ቅጂዎች ናቸው ዛሬ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለንን ሕግ ያወረሱን።

ስለዚህ «የቫምፓየርን ሕግ ጣሰች» ማለት ግምገማ አይሆንም። የሚጠየቀው መጽሐፉ ራሱ ያወጣውን ሕግ ጠብቋል ወይ ነው። ሜየር ጠብቃለች። ቫምፓየሮቿ ፀሐይ ላይ ቆዳቸው እንደ አልማዝ ስለሚያብረቀርቅ ሰው ፊት ይጋለጣሉ። ለዚህም ነው ዝናብና ደመና በማይለያት ፎርክስ በምትባል የዋሽንግተን ግዛት ከተማ የሚኖሩት፣ ፀሐይ የወጣ ዕለትም ከትምህርት ቤት የሚቀሩት። ታሪኩ የሚካሄድበት ቦታ፣ የቤተሰቡ ልማድ፣ የጀግናዋ የቤላ ጥርጣሬ ከዚያች አንዲት ሕግ የተመዘዙ ናቸው። ብርቅርቁን አለመውደድ መብት ነው፤ እኔም አልወደድኩትም። ደካማ ፋንታሲ የሚታወቀው ግን በሌላ ነው፤ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ያልተነሳ ኃይል በመጨረሻው ውጊያ ላይ ድንገት ከጀግናዋ እጅ ሲፈልቅ። ቀይ እስክሪብቶ መነሳት ያለበት እዚያ ላይ ነው።

«የሴት ልጆች ንባብ ነው፤ ሲያድጉ ይተዉታል»

ቦውከር የተባለው የመጻሕፍት ገበያ አጥኚ ድርጅት በ2012 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ወጣቶች ተብለው የሚታተሙትን መጻሕፍት ከሚገዙት 55 በመቶው 18 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ ናቸው። ከሁሉ የሚበዙት ደግሞ ከ30 እስከ 44 ባለው ዕድሜ ላይ ያሉት ናቸው። ለልጆቻቸው ገዝተው ይሆናል እንዳይባል፣ አብዛኞቹ ለራሳችን ነው ብለዋል።

ተቃራኒው ስህተት የባሰ ጣጣ አለው፤ «የወጣቶች መደርደሪያ ላይ ካገኘሁት ለልጄ ይሆናል» የሚለው። የሳራ ጄ. ማስ ኤ ኮርት ኦቭ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ በ2015 ሲወጣ የተሸጠው በወጣቶች ዘርፍ ነበር፤ በ2020 አዲስ ሽፋን ለብሶ በአዋቂዎች ዘርፍ ወጣ። ልብ በሉ፣ የአልጋ ላይ ትዕይንቶቹ ከመጀመሪያውም ነበሩ። አሜሪካ ያለ ሐበሻ ወላጅ ልጁ ከላይብረሪ ተውሳ ያመጣችውን መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ባለው አበባ ሊመዝነው አይችልም። እዚህ ላይ ገምጋሚ ማፈር የለበትም። ምን ዓይነት ትዕይንት እንዳለ፣ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚመች በሁለት ዓረፍተ ነገር ጣጣውን መጨረስ ነው።

«የጥንቆላ መጽሐፍ ነው፤ ቤት አይግባ»

እናቶች ሲሰጉ አልስቅም፤ ልጅ የሚያነበውን ማወቅ ወግ ነው። ግን ገለጥ አድርጎ ማየቱ ይቀድማል። የትዋይላይት ጸሐፊ አጥባቂ የሞርሞን እምነት ተከታይ ናት፤ በመጽሐፏም ከጋብቻ በፊት አብሮ መተኛት አይሆንም ብሎ ችክ የሚለው ወንዱ፣ ያውም ቫምፓየሩ ነው። ሠርጉ የሚደገሰው አራተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። ብዙ አክስቶቼ የሚወዷቸው ተከታታይ ድራማዎች ይህን ያህል አይታገሡም።

«መጨረሻው ስለሚታወቅ የሚገመገም ነገር የለውም»

የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሁለቱ ተጣምረው እንዲጨርሱ አስቀድሞ ውል ይዟል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው እንዴት እንደሚደርሱ ለማየት ነው። ደግሞም የወጣቶቹ ፓራኖርማል ውሉን ሁልጊዜ አያከብርም። አንዱ የሚያረጅ፣ ሌላው የማያረጅ ከሆነ ሦስት መንገድ ነው ያለው፤ ወይ እሷ ትለወጣለች፣ ወይ እሱ ይለወጣል፣ ወይ ይለያያሉ። ጎበዝ ደራሲ ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ክፍት አድርጋ ታቆያለች፤ ሰነፏ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ትዘጋዋለች።

«ክፉ ጠባይ ያሳየ መጽሐፍ ክፉ ጠባይ ያስተምራል» እና መንትያው፣ «ልብ ወለድ ነው፣ ምን አገባህ?»

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የበለጠ ጭቅጭቅ የሚነሳበት ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ከንባብ ሲሸሽ አያለሁ። የትዋይላይቱ ቫምፓየር ኤድዋርድ ፍቅረኛው ቤላ ሳታውቅ ሌሊት ሌሊት ክፍሏ ገብቶ ስትተኛ ሲያያት ያድራል። አንዱ ወገን ይህን ትዕይንት ይዞ መጽሐፉን ይቀብረዋል፤ ሌላው «ፍቅር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትዕይንቱ መኖሩ ብቻውን ግን ምንም አይነግረንም። መታየት ያለበት መጽሐፉ ለትዕይንቱ የሰጠው ቦታ ነው፤ ማን ይተርከዋል፣ ሰውየው የሚከፍለው ዋጋ አለ ወይ፣ ተቃውሞ የሚያሰማ ገጸ ባሕሪ አለ ወይ፣ ጸሐፊዋ አንባቢው የት ቆሞ እንዲያይ ፈልጋለች።

የትዋይላይትን ሦስተኛ መጽሐፍ ኢክሊፕስን እንውሰድ። ቤላ ጓደኛዋን ጄኮብን ልትጠይቅ ስትል ኤድዋርድ መኪናዋ እንዳትነሳ ከሞተሩ ላይ ዕቃ ይፈታባታል። ልጅቷ ተናድዳ ቤት ትገባለች፣ እሱ እንደ ልማዱ በሌሊት የሚገባበትን መስኮት ዘጭ አድርጋ ትዘጋዋለች። ጥቂት ቆይታ ትተነፍስና ወለል አድርጋ መልሳ ትከፍተዋለች። እኔ ብገመግም የምጠቅሰው ይህችን መስኮት ነው። ተቃውሞው አለ፣ ጸሐፊዋም አይታዋለች፤ ግን ዕድሜው ከደቂቃዎች አላለፈም፣ አንባቢዋም መስኮቱ በመከፈቱ እፎይ እንድትል ተደርጎ ነው የተጻፈው። ተራኪዋ ቤላ ስለሆነች ሌላ ዓይን የለንም። ይህን ያነበበች የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ነገ የሚቆጣጠራትን ወንድ ትፈልጋለች ማለት አልችልም፤ እንዲህ ብሎ የሚምል ገምጋሚ ያልያዘውን ማስረጃ እያወራ ነው። መጽሐፉ ቁጥጥርን በፍቅር ልብስ አሳምሮ አቅርቦታል ማለት ግን እችላለሁ፤ ገጹን አሳያለሁና።

«ፋንታሲ ከጭንቅላት የሚፈጠር ነው፤ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?»

የትዋይላይት ተኩላ ሰዎች የኪሊዩት ሕዝብ ተወላጆች ናቸው ተብሎ ነው የተጻፈው። ኪሊዩቶች ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት የባሕር ዳርቻ፣ ላ ፑሽ ላይ የሚኖሩ፣ የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው እውነተኛ ሕዝብ ናቸው። በጥንት ትረካቸው አባቶቻቸው ከተኩላ ወደ ሰው የተለወጡ ናቸው ይባላል፤ ቫምፓየር የሚያድኑ ተኩላ ሰዎች ግን የደራሲዋ ፈጠራ ናቸው። ሲያትል የሚገኘው በርክ ሙዚየም ከኪሊዩቶች ጋር ሆኖ የእነሱን ታሪክ ከልብ ወለዱ የሚለይ ዝግጅት እስከ ማቅረብ ደርሷል፤ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የሚያውቃቸው በዚያው ሆኗላ።

ነገሩ ወደ እኛም ቤት መጥቷል። ጃማይካዊ አሜሪካዊቷ ሎረን ብላክዉድ በ2021 ያወጣችው ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ የተባለ የወጣቶች ፋንታሲ ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ያሳተመችውን ጄን ኤይርን ኢትዮጵያን በሚመስል ዓለም ውስጥ ዳግም የሚተርክ ነው። ጀግናዋ አንድሮሜዳ ደብተራ ናት፤ በክፉ ዓይን የተያዘ ግንብ ልታጸዳ ማግነስ ሮቸስተር የተባለ ወጣት ይቀጥራታል። በግሪኮች ተረት የአንድሮሜዳ አባት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ስሙ በዘፈቀደ አልወጣም።

አሜሪካዊ ገምጋሚ ደብተራን የደራሲዋ ፈጠራ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ ገና ስሙን ሲያይ «ሴት ደብተራ? የት አገር?» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። እኛ የምናውቀው ደብተራ ዜማና ቅኔ የተማረ፣ ማኅሌት የሚቆም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ክታብ ይጽፋል፣ ሥር ይምሳል ተብሎ የሚፈራበት ጎኑ ከዚያ ይከተላል። ልብ ወለዱ ይህን የሚፈራውን ጎን ብቻ ነጥሎ ሙያ አድርጎታል። ክፉ ዓይኑም ከሰው ወደ ቤት ተሻግሯል፤ በአገራችን ቡዳ ነው ተብሎ የሚጠረጠረው ጎረቤት ነው፣ ብዙ ጊዜም ያለ ጥፋቱ የሚገለል ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ። ምን እንደተወሰደ፣ ምን እንደተተወ፣ በመተዉ ታሪኩ ምን እንዳተረፈና ምን እንደከሰረ መጻፍ የሚችለው ሁለቱንም የሚያውቅ አንባቢ ነው። ለእኔ ከቡዳው ጋር የመገለል ታሪኩ አብሮ መቅረቱ ያስቆጫል፤ ለፋንታሲ ከዚያ የተሻለ ጥሬ ዕቃ አልነበረም።

«ሦስት ኮከብ ስድብ ነው»

አንባቢዎች ለመጻሕፍት ኮከብ በሚሰጡበት ጉድሪድስ የተባለ ድረ ገጽ ላይ የሦስት ኮከብ ትርጉም «ወድጄዋለሁ» ነው፤ ሁለት እንኳ «ደህና ነው» ማለት ነው። አልወደድኩትም የሚባለው አንድ ላይ ብቻ ነው። ለሁሉም አምስት የሚያድል ገምጋሚ አንባቢውን የሚረዳበት ነገር የለውም።

«አሳታሚ ነጻ ቅጂ ከሰጠህ ማመስገን አለብህ»

መጽሐፉ ከመውጣቱ ወራት በፊት ለገምጋሚዎች የሚታደለው ቅጂ ጉቦ አይደለም፤ ሐቀኛ አስተያየት ለማግኘት የሚላክ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 ባሻሻለው መመሪያ ከሻጩ ነጻ ነገር የተቀበለ ጦማሪ ያን መግለጽ ይጠበቅበታል። አንድ መስመር ይበቃል። ደግሞ ቅጂው ላይ «እርማቱ ያላለቀ» የሚል ተጽፎበታል፤ ስለዚህ የፊደል ግድፈት እየለቀሙ መክሰስም፣ ከታተመው ሳያመሳክሩ መጥቀስም አይገባም።

«ካልጨረስኩት አልናገርም» እና «ካላነበብኩትም ኮከብ እሰጣለሁ»

መቶኛው ገጽ ላይ አቁሜያለሁ፣ ያቆምኩትም በዚህ ምክንያት ነው ብሎ መጻፍ ሙሉ በሙሉ ሐቀኛ ግምገማ ነው፤ ያነበቡት እስከ የት እንደሆነ እስከተነገረ ድረስ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ጉድሪድስ ገና ላልታተመ መጽሐፍ ኮከብ ማስቆጠር ስለሚፈቅድ ዘመቻ የሚከፈተው እዚያ ነው። በ2023 መጨረሻ የመጀመሪያ የፋንታሲ ልብ ወለዷን ልታወጣ የነበረች አንዲት አሜሪካዊት፣ እንደሷ ጀማሪ የሆኑ ደራስያንን መጻሕፍት በሐሰት ስም በከፈተቻቸው አካውንቶች አንድ አንድ ኮከብ ስትሰጥ ተደረሰባት። ለራሷ መጽሐፍም በዚያው አካውንት አምስት ኮከብ ትሰጥ ነበር። አሳታሚዋ መጽሐፉን ከዝርዝሩ አወጣው፣ የሥነ ጽሑፍ ወኪሏም ተለያት።