ቢላ «ማለዘብ» ምንድን ነው?

ራሴ የሠራሁት የመጀመሪያው ቢላ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ድምፁ የብርጭቆ ነበር። ጎንበስ ስል ለሁለት ተሰብሯል። ሦስት ቅዳሜ የለፋሁበት ቢላ!

ስብርባሪውን ይዤ ማጭድና መጥረቢያ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። የተሰበረበትን ቦታ አገላብጠው አዩት።

«አጠንክረኸዋል፤ አላለዘብከውም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቢላ እንዲጠነክር አይደል እንዴ የሚፈለገው?»

ሳቁብኝ።

አዳማ ለዚህ ለቢላ ሥራ ጨዋታ ትመቻለች። የጅቡቲ መንገድ ስለሚያልፍባት የከባድ መኪና ጋራዥ ሞልቷል። ጋራዥ ባለበት ደግሞ አሮጌ ባሌስትራ አይጠፋም። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ ወደ 0.6 በመቶ ካርቦን ስላለው ለቢላ ይሆናል። ስንጥቅ እንደሌለው ብቻ በደንብ እዩት። ፌሮውን ግን ተዉት፤ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢግል ስለት የሚይዝ ብረት አይወጣውም።

ማለዘብ እንዲገባን መጀመሪያ ማጠንከርን እንይ። ቅርጽ የያዘው ብረት ከሰል ላይ ይግላል። እስከ መቼ? ማግኔት ይነግራችኋል። እኔ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ነው የምጠቀመው። ሙቀቱ ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔቱ ብረቱን መሳብ ያቆማል። ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲል ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ውሃ ለባሌስትራ በጣም ይፈጥንበታል፤ ይሰነጥቀዋል። ዘይቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ሥራው ውጭ ይሁን፤ ዕቃው የብረት፣ ክዳኑም እጃችሁ ሥር።

ብረቱ ሲግል ካርቦኑ ውስጡ ይሟሟል። ድንገት ሲቀዘቅዝ መውጫ ያጣና እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ይህ ማርተንሳይት ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ነው። በጣም ጠንካራ ነው፤ ሞረድ ቢያሳርፉበት ይንሸራተታል። እኔም ሞረዱ ሲንሸራተት ጨረስኩ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ግን ብረቱ ውስጥ ለውስጥ እንደተወጠረ ነው። ትንሽ ሲነካ ይሰበራል፤ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል።

ማለዘብ ማለት ይህን ውጥረት በሁለተኛ፣ ለስለስ ባለ ሙቀት ማርገብ ነው። ቢላው ዘይት ውስጥ እንደቀዘቀዘ፣ ሳያድር፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሰዓት ይሞቃል። ይቀዘቅዝና ይደገማል። ከታፈነው ካርቦን ጥቂቱ ይወጣል። ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፤ በምትኩ መሰበሩ ይቀርለታል።

የሙቀት መለኪያ ባይኖር ቀለሙ ይናገራል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አብርታችሁ ስታሞቁት መጀመሪያ የጤፍ ጭድ የመሰለ ቢጫ ይወጣዋል። ለቢላ የሚፈለገው እሱ ነው። ቡናማው ቀጥሎ ይመጣል፤ ከዚያ ሐምራዊ። 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያኔ ከሚገባው በላይ ለዝቧል።

እኔ የማለዝበው እናቴ ዶሮ በምትጠብስበት ኦቭን ነው። «ቀጥቃጭ ልትሆን ነው እንዴ?» ብላ ስታኮርፍ የከረመችው እማዬ ዛሬ ቅሬታዋ የዘይቱ ሽታ ብቻ ነው። እውነቷን ነው። ቢላውን በሳሙና ሳላጥብ አስገብቼው ነበር።

ሁለተኛው ቢላ ወደቀ፤ አልተሰበረም። ያበላሸሁት በግራይንደር ነው። ስለት ላወጣለት ስቸኩል ጫፉ በአንዴ ሰማያዊ ሆነ። ያ ሁሉ ሥራ እንደገና ከከሰሉ ተጀመረ። አሁን አጠገቤ ባልዲ ውሃ አለ። ብረቱን በባዶ እጄ እይዘዋለሁ፤ ጣቴን ለብለብ ሲያደርገኝ ውሃው ውስጥ ነከር።