«ጡት የጣለ ፍቅር» ምንድን ነው?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የኖረችው የፒዩሪታኖች (የጥብቅ እንግሊዛውያን ፕሮቴስታንቶች) ገጣሚ አን ብራድስትሪት በተነሣች ቁጥር እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም፦ «ፒዩሪታኖች ዓለምን መውደድ ኃጢአት ነው ይሉ ነበር፤ እሷ ግን ባሏን፣ ልጆቿንና ቤቷን በመውደድ በእምነቷ ላይ አመፀች።» ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰውም «ጡት የጣለ ፍቅር» የሚባለው የፒዩሪታኖች ትምህርት ነው። ሲጠቀስ ደግሞ ሁልጊዜ ተገልብጦ ነው።

ትምህርቱ ፍቅርን ግደሉ አይልም። የተሰጠህን ውደድ፣ ነፍስህ ግን በእሱ አትኑር ነው የሚለው። ምስሉ የመጣው ከመዝሙረ ዳዊት ነው (131፤ በግዕዙ አቆጣጠር 130)። እዚያም ጡት የጣለው ልጅ ከእናቱ ጋር ነው ያለው፤ አልሸሻትም፣ አልጠላትምም። ብራድስትሪት በ1664 እ.ኤ.አ. ለልጇ ለሳይመን ባበረከተቻቸው 77 ማሰላሰያዎች ውስጥ፣ በ38ኛው፣ ነገሩን ታጠብቀዋለች። አንዳንድ ሕፃን ጡቱ በመራራ ቅጠል ወይም በሰናፍጭ ቢቀባ እንኳ (እኛ ዘንድ እሬት እንደሚቀባው) ወይ ይጠርገዋል፣ ወይ መራራውን ከጣፋጩ ጋር ይውጠዋል፤ አንዳንድ ክርስቲያንም እንደዚሁ ነው ትላለች።

እንግዲህ ጡት የምታስጥለው እናት ናት፤ ልጅ በራሱ ጉልበት አይጥልም። የምታስጥለውም ጠንከር ያለ ምግብ እንዲለምድ እንጂ እንዲራብ አይደለም። ያለቅሳል፤ ለቅሶው ግን ማስጣሉ መጀመሩን እንጂ ልጁ ማመፁን አያሳይም። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሕፃን አንዴ ጥሎ ይገላገላል፣ ፒዩሪታን ግን እስኪሞት ድረስ አይጨርስም። ደግሞም ብራድስትሪት በዚያው በ38ኛው ማሰላሰያ የዚህን ዓለም ጡቶች «ባዶ» ትላቸዋለች። ይህ እኔ እዚህ ካለዘብኩት የከረረ ነው፤ መደበቅ የለበትም።

የቤቷን ቃጠሎ ግጥም በዚህ ዓይን አንብቡት። ቤቱ ማሳቹሴትስ፣ አንዶቨር ውስጥ የተቃጠለው በጁላይ 10 ቀን 1666 ነው። መጀመሪያ የሰጠውንና የነሣውን እግዚአብሔርን ትባርካለች። ኋላ በፍርስራሹ አጠገብ ስታልፍ ዓይኗ እየተመለሰ ያስቸግራታል፦ ሣጥኑ እዚህ ነበር፣ ከእንግዲህ በማዕዷ እንግዳ አይቀመጥም። ከዚያ ልቧን ትገሥጻለች። አመፅ ፈላጊው ዝርዝሩን ቆርጦ ይወስዳል፤ ሰባኪው ምስጋናውን ብቻ። መጨረሻው ግን ጸሎት ነው፤ ዓለምን ከእንግዲህ እንዳልወድ አድርገኝ ትላለች። ጨርሶ የጣለ ሰው ይህን አይለምንም። (ግጥሙ ከብጣሽ ወረቀት የተገለበጠ ነው፤ በሥርዓተ ነጥቡ ላይ ትልቅ ክርክር የሚገነባ ይጠንቀቅ።)

ለባሏ የጻፈችው ታዋቂ ግጥምም ከዚህ አይወጣም። ፍቅራቸውን ከምድር ወርቅ ሁሉ አብልጣ ትመዝነውና፣ በሕይወት ሳለን እንዲህ ተዋደን እንጽና፣ ከሞት በኋላም ለዘላለም እንድንኖር ብላ ትዘጋዋለች። ፍቅሩ አልተቆረጠም፤ መድረሻው ሌላ ሆነ እንጂ።

የሚከብዱት የልጅ ልጆቿ ሙሾዎች ናቸው። በ1665 ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ኤልዛቤት ስትሞት፣ ልቧ ከልክ በላይ የረካባት ልጅ እንደነበረች ትናገራለች፤ ያ «ከልክ በላይ» የትምህርቱ ቋንቋ ነው። ዛፍ አርጅቶ ይበሰብሳል፣ ፍሬም በስሎ ይወድቃል፣ አዲስ ተክል መነቀሉ ግን የእግዚአብሔር እጅ ብቻ ነው ትላለች። በ1669 ሁለት ተጨማሪ የልጅ ልጆቿ ሞቱ። ሁለተኛው፣ ሳይመን፣ አንድ ወር ከአንድ ቀን ብቻ ነበር የኖረው። ለእሱ በጻፈችው ላይ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ነበር፣ ለምን ብለን አንከራከር፣ ጻድቅ እንደሆነ ሁሉ መሐሪም ነው እንበል ትላለች። ይህን ምፀት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ አፏ ከልቧ ቀድሞ እየሄደ ነው፣ ትምህርቱም ይህን መቅደም አይከለክልም።