ፔይሎድ ምንድን ነው? ካምፐር ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን በር ክፈቱ

"መኪናህ ስንት ትጭናለች?" አለኝ ወዳጄ በስልክ።

"11,000 ፓውንድ ትስባለች" አልኩት።

"ስንት ትስባለች አላልኩህም። ስንት ትጭናለች ነው ያልኩህ።"

መልስ አልነበረኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ 81 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር አንድ የትራክ ማረፊያ ገብቼ ቆሜያለሁ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች መኪናው ውስጥ ናቸው፣ ከኋላችን ከተገዛ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ካምፐር (አልጋና ወጥ ቤት ያለው፣ በመኪና የሚሳብ ቤት) አለ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንድ ትልቅ ትራክ በጎናችን ሲያልፍ ካምፐሩ ግራ ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፤ ፒክአፑንም ይዞት ሊሄድ ነበር። መሪው ቀለለብኝ። የያዝኩት እስከማይመስለኝ ድረስ ቀለለብኝ። ወዳጄ ከአሥር ዓመት በላይ ትራክ የነዳ ሰው ስለሆነ ነው የደወልኩለት። ስለ ነፋሱም ስለ ፍጥነቴም አልጠየቀኝም። መጀመሪያ ያነሳው የፔይሎድን ነገር ነው።

ፔይሎድ ማለት መኪናችሁ በራሷ ጎማና በራሷ ባሌስትራ ላይ ልትሸከም የምትችለው ክብደት ነው። ሰውም ዕቃም ይቆጠራል። ሾፌሩም ይቆጠራል። አገር ቤት ስለ ጭነት መኪና ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው "ስንት ኩንታል ይጭናል?" የሚለው ነው አይደል? ፔይሎድ ይኸው ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ፒክአፕ ስንገዛ የሚነገረን ሌላ ቁጥር ነው፤ ስንት እንደምትስብ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው እሱ ነው፣ ሻጩም የሚደጋግመው እሱን ነው።

ቁጥሩን ለማግኘት የሾፌሩን በር ክፈቱ። በሩ ሲዘጋ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ የጎማው የአየር ልክ የተጻፈበት፣ ቢጫ ቀለም ያለበት ትንሽ ስቲከር አለ። የሰውና የጭነት ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም ይልና በኪሎና በፓውንድ ያስቀምጠዋል። ከብሮሹር ወይም ከኢንተርኔት አትውሰዱት። ስማቸውና ዓመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ፒክአፖች በመቶዎች ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ። ባለ አራት በር መሆኗ፣ በአራቱም ጎማ መንዳቷ፣ የጣሪያ መስታወቷ፣ የቆዳ ወንበሯ፣ ሁሉም ክብደት ነው፤ መኪናዋ ራሷ በከበደች ቁጥር ለእናንተ የሚተርፈው ይቀንሳል። ስለዚህ ውድ የሆነችው ምርጥ ሞዴል ብዙ ጊዜ ከተራዋ ያነሰ ትጭናለች።

የኔ ስቲከር 1,500 ፓውንድ ይላል። 680 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ሰባት ኩንታል አይሞላም። ሒሳቡ ቀላል ነው። መኪናዋ ሞልታ ተጭና እንድትመዝን የተፈቀደላት ጣሪያ 7,000 ፓውንድ ነው፤ ነዳጅ ሞልታ ባዶዋን 5,500 ትመዝናለች፤ ልዩነቱ ፔይሎድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፣ እኔም አንስቼዋለሁ። ካምፐሩ የራሱ ጎማ አለው፤ ታዲያ ክብደቱ እኔን ምን አገባኝ?

ጋሪ አስቡ። ቢሾፍቱ ወይም ባሕር ዳር ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪ ተሳፍራችሁ ከሆነ ባለ ጋሪው ሰው ሲያስቀምጥ አይታችኋል። ከኋላ ብዙ ሰው ከተጫነ ሁለቱ እንጨቶች ወደ ላይ ይነሱና ፈረሱን ከመሬት ሊያነሱት ይደርሳሉ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ከመጣ ደግሞ ጀርባው ላይ ይጫኑታል። ባለ ጋሪው "አንተ ትንሽ ጠጋ በል፣ አንቺ ወደ ኋላ" የሚለው ለዚህ ነው። ካምፐርም እንደዚያው ነው። ከፊት ለፊቱ የወጣው የብረት አንገት ከመኪናችሁ ኋላ ባለው ማያያዣ፣ ሂች በሚባለው፣ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ላይ የሚያርፈውን ክብደት አሜሪካኖቹ የምላስ ክብደት ይሉታል። ከካምፐሩ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ካምፐሩ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ብስክሌት ሁሉ ከኋላ መከላከያው ላይ መስቀል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በዚያ ልክ ከሆነ ደግሞ መኪናችሁ ይሸከመዋል። ያ ሸክም ከፔይሎዳችሁ ላይ ይቀነሳል። ፈረሱ ጋሪውን መሳቡ አንድ ነገር ነው፣ ጀርባው ላይ የሚያርፍበት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው የተሳሳትኩት።

የኛን ቤት ሒሳብ ልንገራችሁ። ካምፐራችን ሞልቶ ተጭኖ እስከ 7,000 ፓውንድ እንዲመዝን የተሠራ ነበር። 13 በመቶው 910 ፓውንድ ነው። ክብደት የሚያካፍለው ትልቁ ሂች ራሱ ወደ 100 ፓውንድ ይመዝናል። እኔ 180፣ ባለቤቴ 150፣ ልጆቹ 100 እና 80፤ በድምሩ 510። ሁሉም ሲደመር 1,520 ፓውንድ። ከተፈቀደልን አልፈናል፣ ገና ከኋላ አንዲት የውሃ ጠርሙስ እንኳ ሳንጭን። እኛ ደግሞ ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ጄኔሬተር፣ ከሰል፣ ረከቦቱን ከነሲኒው፣ ምጣዱን ሳይቀር ይዘን ነበር የወጣነው።

ሻጩ ዋሽቶኝ አልነበረም። "ያንተ መኪና 11,000 ትስባለች፣ ይሄ 7,000 ነው፣ ሰፊ ነው" አለኝ፤ እውነቱን ነው። ግን ያ የመሳብ ቁጥር ሲለካ መኪናው ውስጥ የሚቆጠሩት ሾፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ ተብለው። የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው። ልጅ የለም፣ ምጣድ የለም። ቤተሰብ ያለው ሰው የመሳብ ቁጥሩ ላይ ሳይደርስ ፔይሎዱ ያልቅበታል። ይህን ማንም አለመናገሩ እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሚገዛው ሰው ከነልጆቹ ነው የሚሳፈርበት።

ወዳጄ "እዛው ያለህበት ካት ስኬል (CAT Scale) አለ፣ ሄደህ ተመዘን" አለኝ። ትራክ የምትነዱ ታውቁታላችሁ፤ 80,000 ፓውንድ ጠቅላላ፣ 34,000 በጥንድ አክስል (ጎማዎቹ በተያያዙበት ዘንግ) እያላችሁ በየቀኑ የምትቆሙበት ሚዛን ነው። ለካምፐርም ይሠራል። የፊት ጎማው አንድ መድረክ ላይ፣ የኋላው ሌላው ላይ፣ የካምፐሩ ጎማዎች ሦስተኛው ላይ ትቆማላችሁ፤ ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ሦስቱም ለየብቻ የተጻፉበት ወረቀት ትቀበላላችሁ። ከዚያ ካምፐሩን ፈትታችሁ መኪናዋን ብቻ ትመዝናላችሁ። መጀመሪያ ስትመዝኑ ክብደት የሚያካፍሉትን የሂቹን ዘንጎች አላቅቃችሁ ከነበረ፣ መኪናዋ ካምፐሩ ታስሮባትና ተፈትቶላት በመዘነችው መካከል ያለው ልዩነት ትክክለኛው የምላስ ክብደት ነው።

መኪናዋ ብቻዋን ከነሰውና ከነዕቃው 6,310 መጣች፤ ፊቷ 3,410፣ ኋላዋ 2,900። ካምፐሩ ሲታሰርባት 7,260 ሆነች። 950 ፓውንድ ተቀምጦባታል። ከጣሪያው 260 አልፈናል። ከዚህ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ኋላዋ ወደ 4,240 ወጣ፤ አክስሉ የሚችለው 3,900 ነው። ፊቷ ደግሞ ወደ 3,020 ወርዷል፣ 390 ፓውንድ ከፊት ጎማው ላይ ተነስቷል ማለት ነው። መሪው ለምን እንደቀለለብኝ ያኔ ገባኝ። ፈረሱ ጀርባው ላይ ተጭኖበት የፊት እግሩ ሊነሳ ነበር። ሞተሩ ግን ምንም አልተሰማውም፣ ዳገቱን እየዘፈነ ነው የወጣው፤ ችግሩን ከሞተሩ ድምፅ አታውቁትም።

እዚህ ላይ ሰዎች መፍትሔ ብለው የሚያመጡትን ሁለት ነገር ላንሳ። አንዱ ባሌስትራው ላይ የሚገባ የአየር ከረጢት ነው። የወረደውን የመኪና ኋላ ያነሳል፣ ለዓይን ያስተካክለዋል፤ ፔይሎዱን ግን አንድ ፓውንድ አይጨምርም፣ ስቲከሩም አክስሉም ያው ናቸው። ሌላው ክብደት የሚያካፍለው ሂች ነው። ይሄ በእርግጥ ይጠቅማል፤ በደንብ ከተወጠረ ከኋላው ላይ አንስቶ ከፊሉን ወደ ፊት ጎማ፣ ከፊሉን ወደ ካምፐሩ ጎማ ይመልሳል። የኔ በትክክል አልተወጠረም ነበር፣ ሲስተካከል መሪው ተመለሰ። ግን እሱም የመኪናዋን ጣሪያ ከፍ አያደርግም። ሂቹ ስላለ ከባድ ካምፐር ይቻላል ለሚላችሁ ሰው አትስሙ።

ስለዚህ ካምፐር ስትመርጡ ከኋላ ተነስታችሁ ቁጠሩ። መጀመሪያ ስቲከሩ፦ 1,500። ሰዎቹን ቀንሱ፣ 510። ሂቹን ቀንሱ፣ 100። መኪናው ውስጥ የሚገባውን ዕቃ ቀንሱ፣ ቢያንስ 150 በሉ። 740 ቀረ። ይህን ለ0.13 ስታካፍሉት ወደ 5,700 ይሆናል፤ ለ0.15 ስታካፍሉት ደግሞ ወደ 4,900። እኔ ሁለተኛውን ነው የምይዘው፤ ካምፐር ሁልጊዜ ካሰባችሁት ይከብዳል። ወደ ሻጭ ስትሄዱ ከዚህ በላይ የሆነውን ገብታችሁ እንኳ አትዩት፣ ምክንያቱም ልጆቹ ተደራራቢውን አልጋ አንዴ ካዩት በኋላ ሒሳብ የሚሰማ የለም።

ስታወዳድሩም በደረቅ ክብደቱ አታወዳድሩ። ብሮሹሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ደረቁ ነው፤ ውሃ የለበትም፣ ልብስ የለበትም፣ ብዙ ጊዜ ባትሪውም አልተቆጠረም። የኛው በደረቁ 5,400 ነበር፣ ተጭኖ 6,850 መጣ። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ታንክ ሞልታችሁ ስትወጡ 330 ፓውንድ ገደማ ጨመራችሁ ማለት ነው፣ ታንኩ ከፊት ከሆነ ደግሞ ከፊሉ ምላሱ ላይ ያርፋል። የምታነጻጽሩት ካምፐሩ ተጭኖ እንዲመዝን የተፈቀደለትን ጣሪያ ነው፤ የካምፐሩ አካል ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል።

ፒክአፕ ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው። የቶዮታዋ የቤተሰብ ቫን ሲዬና 3,500 ፓውንድ ትስባለች፤ ትንሽ ካምፐር ከኋላዋ ይሄዳል፣ ነገር ግን ሰባት ሰው ከተሳፈረባት ለምላሱ የሚተርፍ ነገር መኖሩን ስቲከሯ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ከባዱን ፒክአፕ ልግዛ ለሚል ደግሞ፣ ናፍጣ ሞተሩ ራሱ ከባድ ስለሆነ አንዳንዱ ትልቅ መኪና ስቲከሩ ከተጠበቀው በታች ይሆናል። እዚያም በሩን ክፈቱ።

አውሮፓ ላላችሁ ነገሩ ሞተርሆም ላይ (ቤቱም መኪናውም አንድ የሆነው ላይ) ይብሳል። በተለመደው ቢ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ጣሪያ 3,500 ኪሎ ስለሆነ ብዙ ሞተርሆሞች እዚያ ውስጥ እንዲገቡ ተደርገው ይሠራሉ፤ አራት ወንበር፣ አራት አልጋ፣ ከዚያ ለአራት ሰው ከነሻንጣው የሚተርፈው ኪሎ ጥቂት ይሆናል። በእናንተ አቆጣጠር ሾፌሩ በ75 ኪሎ ባዶ ክብደቱ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ የአሜሪካው ስቲከር ግን ሾፌሩንም ከጭነት ይቆጥረዋል። የዘመድ ምክር በስልክ ስትቀበሉ ይህችን ልዩነት አትርሱ።

እኛ ያንን ካምፐር በኪሳራ ሸጥነው። ባለቤቴ አዝናለች፣ ወጥ ቤቱን ወድዳው ነበር። የአሁኑ ጣሪያው 4,900 ነው፣ አልጋው ጠባብ ነው፣ ስንጫን 4,800 ገደማ እንመዝናለን። የመጀመሪያውን ጉዞ ከመጀመራችን በፊት ያንኑ ሚዛን ሄጄ መኪናዋ 6,880 መጣች፤ 120 ፓውንድ ይተርፈን ነበር። ወረቀቱ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አለ። በየፀደዩ እንደገና እመዝናለሁ፣ ምክንያቱም ያኔ 80 ፓውንድ የነበረችው ትንሿ ልጄ ዘንድሮ 97 ደርሳለች።