የኢትዮጵያ መድፈኛ ጦር፦ ታሪኩና የትውልድ ሐረጉ

በብዙ አገሮች ሠራዊት አንድ የመድፈኛ ብርጌድ የትውልድ ሐረጉን የሚቆጥረው በክፍሉ ቁጥር፣ በዓርማውና በተዋጋባቸው ዘመቻዎች ስም ነው፤ ክፍሉ ቢበተንም እንደገና ሲቋቋም የቀድሞ ክብሩን ይወርሳል። የኢትዮጵያን መድፈኛ ታሪክ በዚህ መንገድ መጻፍ አይቻልም። ሠራዊቱ በ1928 እና በ1983 ዓ.ም. ፈርሶ እንደ አዲስ የተቋቋመ በመሆኑ፣ ቀጣይነቱ መፈለግ ያለበት ከጠላት በተማረኩት መድፎችና ሙያውን ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ባሻገሩት ሰዎች ዘንድ ነው።

መድፍ በኢትዮጵያ የጦርነትን ውጤት መለወጥ የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1534 ዓ.ም. በየመን ካለችው ከዘቢድ የኦቶማን ሹም ነፍጠኞችንና መድፎችን አስመጥተው በወፍላ የፖርቱጋሎችን ጦር ድል አደረጉ፤ አዛዡ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ግን መድፍ ለረጅም ጊዜ የመደበኛ ጦር አካል አልሆነም።

ይህን የለወጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ገና ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በምሽግና በመድፍ እሳት መሸነፋቸው፣ ጀግንነት ብቻውን ሥርዓት ባለው እሳት ፊት እንደማይቆም አስተምሯቸዋል። ከነገሡ በኋላ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ባለሙያዎቹ የመድፍ ሥራ የማያውቁ ቢሆኑም ከተደጋጋሚ ሙከራና ውድቀት በኋላ ብረቱን አቅልጠው ማፍሰስ ቻሉ። የዚህ ጥረት ፍጻሜ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሚገመተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ከባድ መሣሪያ በመንኮራኩር ላይ አስጭነው፣ ገደሉን እያስናዱና መንገድ እያስጠረጉ፣ እሳቸውም ከሠራተኛው ጋር እየለፉ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በወራት ጉዞ አደረሱት። በእኔ ግምት የዚህ ሥራ ትልቁ ውጤት መድፉ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ ከባድ መሣሪያ የሚንቀሳቀስበት መንገድና የሚያንቀሳቅሰው የተደራጀ ጉልበት ከሌለ ጦርን እንደማይጠቅም ከቴዎድሮስ ቀደም ብሎ በዚህ መጠን በተግባር ያሳየ የአገሪቱ ገዥ አልነበረም።

የጎደለው የሠለጠነ ተኳሽ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ከፋላ አምባ የተተኮሱት የቴዎድሮስ መድፎች አረራቸው ከእንግሊዞች ራስ በላይ እያለፈ ወደቀ፤ አንዱም ባሩዱ ከልክ በላይ ስለ ተጎረሰበት ፈነዳ። በአንጻሩ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በበቅሎ የሚጫኑ ቀላል የተራራ መድፎችንና ሮኬቶችን፣ ከባዶቹንም ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ጀርባ ጭኖ መጥቶ ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ይገኛል፤ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ገዥ ለካሣ ምርጫ ጥቂት መድፎችንና ጠመንጃዎችን ትቶላቸው ሄደ። ካሣም ጆን ኪርክሃም በተባለ እንግሊዛዊ ጦራቸውን አሠልጥነው በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አሳም ላይ በቁጥር የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት አሸነፉ፤ በዓመቱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ሲደመስሱ ደግሞ የግብፅ መድፎች በእጃቸው ገቡ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ምርኮ የኢትዮጵያ መድፈኛ ዋና የመሣሪያ ምንጭ ሆነ።

ዐፄ ምኒልክ በምርኮ ላይ ግዢን ጨመሩ። ከፈረንሳይ የተገዙት ፈጣን ተኳሽ የሆችኪስ መድፎች ቀላል በመሆናቸው በበቅሎ ተጭነው በተራራማው አገር ከጦሩ ጋር እኩል ይጓዙ ነበር። በመቀሌው እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ከበባ እነዚህ መድፎች በጣሊያኑ በማጆር ጋሊያኖ ጦር ላይ ያለ ፋታ ሲተኩሱ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተይዞ በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉ እጅ ሰጠ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የኢትዮጵያ ወገን ወደ 40 የሚጠጉ፣ የጣሊያን ወገን ደግሞ 56 መድፎች ነበሩት። ከዋናው ጦር ርቆ የገባው የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ባትሪዎቹን (የመድፍ ክፍሎቹን) ይዞ ብቻውን ስለ ተገኘ ቀድሞ ፈረሰ፤ ቀኑ ሲያልቅ 56ቱም የጣሊያን መድፎች ተማርከው ነበር። ከመድፈኞቹ መሪዎች ስማቸው ከሁሉ ጎልቶ የቀረው በጅሮንድ ባልቻ ሳፎ ናቸው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉት ባልቻ በሕዝብ አፍ «መድፍ አገላባጭ» ተብለው ተወደሱ፤ በኋላም ደጃዝማች ሆነው በሲዳሞ ተሹመው፣ በስተርጅና ከፋሺስት ወራሪ ጋር ተዋግተው ወደቁ። የመድፈኛው የትውልድ ሐረግ በአንድ ሰው ሕይወት ይገለጥ ቢባል ከእሳቸው የሚበልጥ ምስክር አይገኝም።

በመድፈኛ ውስጥ ወጥ ትምህርት የገባው ዘግይቶ ነው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት ለዕጩ መኮንኖቹ ሥልጠናውን ለመጨረስ ጊዜ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያላቸው ጥቂት መድፍና የኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ከአየር የሚወርደውን ቦምብና የመርዝ ጋዝ የሚመክት አልነበረም። ሠራዊቱ ተበተነ፤ መሣሪያውም ጠፋ።

ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ስምምነት የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ እግረኛ ሻለቆችን ሲያቋቁም መድፈኛም አብሮ ተጀመረ። ከግንቦት 1945 ዓ.ም. ስምምነት ወዲህ አሜሪካ 105 እና 155 ሚሊ ሜትር መድፎችን አቀረበች። ከዚያ አስቀድሞ ግን ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት የላከቻቸው የቃኘው ሻለቆች ኮሪያ ውስጥ በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲዋጉ፣ ከፊት ያለ ትንሽ ቅኝት ጦር በሬዲዮ ጠርቶ የመድፍ እሳት ከራሱ ጥቂት ሜትሮች ፊት እንዴት እንደሚያስወርድ በተግባር ተምረዋል። መድፈኛን ከዓድዋው ዘመን የሚለየው ይህ ነው፦ ተኳሹ ዒላማውን አያይም፤ የሚያየው ተመልካች፣ ርቀቱንና አቅጣጫውን የሚያሰላው የተኩስ መሪ ክፍል፣ አረር የሚያመላልሰው ክፍልና መድፎቹ አንድ አካል ሆነው ይሠራሉ። ባትሪ፣ ሻለቃና ብርጌድ የሚባሉት እርከኖችም ይህን ሥራ ለማቀናጀት የተበጁ ናቸው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ጊዜ ነው። የአሜሪካ አቅርቦት ተቋርጦ የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ሲገባ፣ በምዕራቡ ስልት የሠለጠነው መድፈኛ ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ መሣሪያውን መቀየር ነበረበት። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚተኩሰው 122 ሚሊ ሜትር ዲ-30፣ እስከ 27 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው 130 ሚሊ ሜትር ኤም-46፣ 40 ሮኬቶችን በ20 ሰከንድ የሚለቀው ቢኤም-21 ከኩባ መድፈኞች ጋር ተሰለፉ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. የተያዘችው ጅግጅጋ በየካቲት 26 ቀን በተመለሰች ጊዜ የመድፍና የሮኬት እሳት ለካራማራው ድል ከፍተኛ ድርሻ ነበረው፤ የሕዝቡ ትዝታ ለእግረኛውና ለአየር ኃይሉ የሰጠውን ቦታ ለመድፈኛው አለመስጠቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በሰሜን ግን ምርኮው ተገለበጠ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ናደው ዕዝ የተባለው የመንግሥት ጦር ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ሲደመሰስ፣ 130 ሚሊ ሜትር መድፎችና ቢኤም-21 በሻዕቢያ እጅ ገብተው በአገሪቱ ጦር ላይ ዞሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ለብዙ ዓመታት የሠለጠኑ መድፈኞች ተበተኑ፤ መሣሪያዎቹን ግን አዲሱ ሠራዊት ወረሳቸው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በጾረና፣ በዛላንበሳና በቡሬ ግንባሮች ሁለቱም ወገኖች የተተኳኮሱት በአብዛኛው ከደርግ ዘመን በወረሱት በዚሁ የሶቪየት ሥሪት መድፍ ነበር።