«ዕጢውን ለይቶ የሚመታ» መድኃኒት ሲባል ምን ማለት ነው?

ናኖ ቅንጣት (መድኃኒት የሚሸከም፣ በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ነገር) ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አድራሻ ተሰጥቶት ዕጢውን ፈልጎ የሚመታ ሚሳይል ነው። ያሳሳተን «ለይቶ የሚመታ» የሚለው ስም ነው።

ዶክሲል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ውስጡ ያለው ዶክሶሩቢሲን የሚባል የቆየ መድኃኒት ነው። ካንሰርን ይገድላል፤ ልብንም ይጎዳል። ስለዚህ ከስብ በተሠራች ከረጢት ውስጥ ተከተተ። ከረጢቷ 100 ናኖሜትር (አንዱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ብትሆን ነው፤ አንድ ቀይ የደም ሴል ግን 7,000 ያህል ይሆናል።

ታዲያ ይህች ከረጢት ዕጢው የት እንዳለ አታውቅም። ከደም ጋር ዝም ብላ ትዞራለች። የጤነኛ ደም ስር ግድግዳ በአብዛኛው አያሳልፋትም። ዕጢ በጥድፊያ የሚያበቅላቸው ደም ስሮች ግን እንደ ተቀደደ ጆንያ ያፈስሳሉ። እዚያ ሾልካ ትወጣለች። ዕጢው ፈሳሽ የሚያስወግድበት መንገድ ደካማ ስለሆነ እዚያው ትቀራለች። መምታት ሳይሆን መንጠባጠብ ብንለው ይቀርባል!

ከረጢቷ ላይ የካንሰሩን ሴል የሚለይ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን የሚለጥፉም አሉ። እሱም ቢሆን የሚጠቅመው ከደረሰች በኋላ ነው፤ መንገድ አይመራም።

አብዛኞቹን ከረጢቶች ጉበትና ጣፊያ ይለቅሟቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንስሳት ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን ከተወጋው 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ታዲያ ለምን ይሰጣል? ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስለሚቀንስ። በምትኩ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ሊቀላና ሊላጥ ይችላል።